ማግነም ሪቮልቨር ብዙ ተተኩሶበት ብዙ እንዲቆይ

ጋሼ ቅዳሜ ጠዋት አይቀሩም። ድሮ ወታደር ነበሩ፤ አሁን ቨርጂኒያ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። እኔ የምሠራበት የኢላማ መለማመጃ ይመጡና አንድ ሪቮልቨር፣ ጥይቱ በሚዞር ከበሮ ውስጥ የሚቀመጥ ሽጉጥ፣ ይከራያሉ። አንድ ፓኬት ጥይት ይተኩሳሉ፣ ከዚያ ቡና ጠጥተን ይሄዳሉ። ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ግን ፓኬቱ ሳያልቅ ተመልሰው መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ መሣሪያህ ይተፋል» አሉኝ።

ከኋላቸው የልጅ ልጃቸው ጉንጩን ይዞ ቆሟል። ከጎናቸው ሆኖ ሲያያቸው ነበር። ጉንጩ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ደም አለች። መነጽር አድርጎ ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ባያደርግ ኖሮ ያቺ የእርሳስ ፍንጣሪ የት ታርፍ እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ሽጉጡን ተቀበልኩና ከኪራይ አወጣሁት። ማታ ሱቁ ሲዘጋ መብራት ስር አስቀምጬ መረመርኩት። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ አልለካሁትም። ይሄን የምጽፈው ማግነም፣ ማለትም ኃይለኛ ጥይት የሚተኩስ ሪቮልቨር፣ ያላችሁ ሰዎች እንደኔ እንዳትዘናጉ ነው።

እኔ አዲስ አበባ እያለሁ መካኒክ ነበርኩ። ሱማሌ ተራ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሞተር ፈትቻለሁ። እዚህ እንደመጣሁ ጥበቃ ሥራ ገባሁ፤ ከዚያ ወደዚህ ተዛወርኩ። የኪራይ ሪቮልቨሮቹን የምንከባከበው እኔ ነኝ። የኪራይ ሽጉጥ እንደ ታክሲ ነው። የሚነዳው ብዙ ነው፣ የሚያዝንለት የለም። ማግነም ከየት ከየት በኩል እንደሚያረጅ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ብዙ ሰው ሪቮልቨር የማይበላሽ ዕቃ ይመስለዋል። ለተራ ጥይት ከሆነ እውነት አላቸው ማለት ይቻላል። ማግነም ግን ሌላ ነገር ነው። .38 ስፔሻል፣ በ.357 ሽጉጥም የሚተኮሰው ቀለል ያለ ጥይት፣ የሚፈቀድለት ከፍተኛ ግፊት 17,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በአንድ ካሬ ኢንች) ነው። .357 ማግነም 35,000 ነው። .44 ማግነም ደግሞ 36,000። ያ ሁሉ ጉልበት የሚያርፈው እንደ ጠመንጃ አንድ ወጥ በሆነ የጥይት ቤት ላይ አይደለም። በሚሽከረከር ከበሮ፣ በአንዲት ዘንግ እና በትንንሽ መቆለፊያዎች ላይ ነው። በየተኩሱ ከበሮው ወደ ኋላ ይመታል፣ ከዚያ ወደ ፊት ይወረወራል። ቦታው ጥብቅ ከሆነ ምንም አይደለም። ትንሽ ክፍተት ካገኘ ግን መንደርደሪያ አገኘ ማለት ነው። እየተንደረደረ ሲመታ ክፍተቱን ያሰፋዋል። የሰፋው ክፍተት ደግሞ የባሰ ያስንደረድረዋል። ጋራዥ ውስጥ የላላ ኩሽኔታ እንደዚሁ ነበር። መጀመሪያ ላይ ድምፅ የለውም። ድምፅ ሲያሰማ ዘንጉን በልቶታል።

ስለዚህ ዋናው ሥራ መለካት ነው። ዘይት መቀባት አይደለም።

ከመለካት በፊት አንድ ነገር። ከበሮውን ክፈቱ፣ ስድስቱንም ቀዳዳ በዓይናችሁ እዩ፣ ከዚያ በጣታችሁ ዳብሱ። ጥይቱን ከጠረጴዛው አንስታችሁ ሌላ ክፍል አስቀምጡ። እኔ በየቀኑ ስለምሠራው አውቀዋለሁ ብዬ አልዘለውም። እናንተም አትዝለሉት።

የምትፈልጉት መሣሪያ መኪና የሠራ ሰው ያውቀዋል። የቫልቭ ክፍተት የምንለካባቸው፣ እንደ መጽሐፍ የሚገለጡ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ናቸው። የትኛውም የመኪና ዕቃ መሸጫ ይገኛሉ። በጣም ስስ ከሆነው፣ ከ0.0015 ኢንች የሚጀምረውን ስብስብ ግዙ። ከመለካታችሁ በፊት የከበሮውን ፊት እና የአፈሙዙን፣ ማለትም ጥይቱ የሚያልፍበትን ቱቦ፣ ጀርባ አጽዱ። የተጋገረ ባሩድ ካለ ልኩ ይዋሻችኋል።

አሁን ባዶውን ከበሮ ዝጉ። በአውራ ጣታችሁ ከበሮውን ወደ ኋላ፣ ወደ እጀታው ግፉ። በከበሮው እና በአፈሙዙ መካከል ያለው ክፍተት ውስጥ ሳትታገሉ የሚገባውን ወፍራሙን ቅጠል ፈልጉ። ቁጥሩን ጻፉ። ከዚያ ከበሮውን ወደ ፊት ግፉና እንደገና ለኩ። ሁለተኛው ቁጥር ያንሳል። የሁለቱ ልዩነት ከበሮው ወዲያና ወዲህ የሚላወስበት ልክ ነው።

ከበሮው ወደ ኋላ ሲሆን ከ0.004 እስከ 0.008 ኢንች ከሆነ ጤነኛ ነው። 0.010 ካለፈ ለባለሙያ ማሳየት ነው። ከ0.003 ካነሰ ደግሞ ሲሞቅና ሲቆሽሽ ከበሮው ይያዛል። መላወሱን በተመለከተ የእኔ መስመር ይሄ ነው፤ 0.001 ወይም 0.002 ከሆነ ተረጋግቼ እተኛለሁ። 0.003 ከሆነ ከወር ይልቅ በየሳምንቱ እለካዋለሁ። 0.004 ከደረሰ ማግነም አይተኮስበትም። መቺው የጥይቱን ቂጥ በደንብ ማግኘት የሚያቅተውና ጥይት የሚከሽፈውም አንዳንዴ ከዚህ የተነሳ ነው።

ጥገናው በጊዜው ከሆነ ርካሽ ነው። በስሚዝ ኤንድ ዌሰን ፋብሪካ ሪቮልቨሮች ላይ 0.002 ኢንች ውፍረት ያላት ስስ ሮንዴላ አለች። ከበሮው የሚዞርበት ክንድ ጫፍ ላይ፣ ከበሮው ውስጥ ትገባለች። ከበሮውን ወደ ኋላ ትይዘዋለች፣ መላወሱም ይቆማል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሮንዴላዋ ከአፈሙዙ ጋር ያለውን ክፍተት አታጠብም። ከበሮው ወደ ኋላ ሲገፋ ያገኛችሁት ትልቁ ቁጥር እዚያው ይቀራል። እሱ ከ0.010 በላይ ከሆነ ሮንዴላ መድኃኒት አይሆንም። አፈሙዙ ተፈቶ መስተካከል አለበት፤ ያ የቤት ሥራ አይደለም። ሩገር ሪቮልቨር ያለው ሰው ደግሞ ይሄን ራሱ ባይነካካ፣ ለፋብሪካው ቢልከው ነው የምመክረው።

ወደ ጋሼ ሽጉጥ ልመለስ። የእሱ መላወስ 0.002 ነበር፤ ደህና ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

ሪቮልቨር ልክ እንደ ሞተር ታይሚንግ አለው። መዶሻው ወደ ኋላ ሲሄድ አንዲት ምላስ ከበሮውን ትገፋለች። ቀዳዳው ከአፈሙዙ ትይዩ ሲደርስ ከታች አንዲት ጥርስ ብቅ ብላ ከበሮው ላይ ያለው ጎድጓዳ ውስጥ ትገባና ትቆልፈዋለች። ምላሷ ካለቀች ወይም የምትገፋው፣ ከበሮው ጀርባ ላይ ያለው ኮከብ ጥርሱ ከተበላ ከበሮው ሳይደርስ መዶሻው ይወድቃል። ጥይቱ አፈሙዙን በጠርዙ ይገጨዋል። የተላጨው እርሳስ በክፍተቱ በኩል ወደ ጎን ይፈናጠራል። ጋሼ «ይተፋል» ያሉት እሱን ነው። ቃሉ ትክክል ነው፤ እዚህ አሜሪካኖቹም ይተፋል ነው የሚሉት።

ሙከራው ይሄ ነው። ስድስቱም ቀዳዳ ውስጥ የተተኮሰ ባዶ ቀለህ አስገቡ። ያለ ቀለህ ከሞከራችሁ ኮከቧ ልትላወስና ልታሳስታችሁ ትችላለች። ቀዳዳዎቹን በማርከር ከ1 እስከ 6 ቁጥር ስጧቸው። በግራ እጃችሁ አንድ ጣት ከበሮውን ዳበስ አድርጋችሁ ያዙ፤ በጣም አትጫኑት፣ ትንሽ እንዲከብደው ብቻ ነው። አሁን መዶሻውን ቀስ፣ በጣም ቀስ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ሳቡ። ሁለት ድምፅ ትሰማላችሁ። አንዱ ከበሮው ሲቆለፍ ነው፣ ሌላው መዶሻው ሲያዝ። ከበሮው ቀድሞ ወይም እኩል መቆለፍ አለበት። መዶሻው ከተያዘ በኋላ ከበሮውን በጣታችሁ ስትገፉት «ቀጭ» ብሎ ከገባ ያ ቀዳዳ ዘግይቷል። መዶሻውን በአውራ ጣት ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ መልሱ፣ ወደሚቀጥለው እለፉ። ስድስቱንም። ከዚያ ያንኑ ሙከራ ምላጩን ብቻ በዝግታ በመሳብ ድገሙት።

የጋሼ ሽጉጥ አምስቱ ቀዳዳ ደህና ነበሩ። አራተኛው ብቻ ዘገየ። መዶሻው ተይዞ፣ ከበሮው ግን የፀጉር ያህል ቀርቶታል። በፍጥነት ቢተኮስ ከበሮው በራሱ ግልቢያ ይደርስ ስለነበር ማንም አያስተውለውም። ጋሼ ግን እንደ ድሮ ወታደር ረጋ ብለው፣ እየቆጠሩ ነው የሚተኩሱት። ለዚህ ነው በሳቸው እጅ የተያዘው። በአጉሊ መነጽር ሳይ የአራተኛው ቀዳዳ የኮከብ ጥርስ ጠርዙ ክብ ሆኗል። ባለሙያው ትንሽ ወፈር ያለች አዲስ ምላስ ገጠመለትና ተስተካከለ።

የኮከቡን ጥርስም መቆለፊያውንም ብዙውን ጊዜ የሚበላው የፍጥነት ተኩስ ነው። አንድ ከባድ የብረት ከበሮ በሙሉ ፍጥነት እየዞረ ድንገት ሲቆም ፍሬኑ ከታች ብቅ ብላ የምትቆልፈው ያቺ ትንሽ ጥርስ ናት። በሰከንድ ሦስት ጊዜ እየሳባችሁ የምትለማመዱ ከሆነ ጎድጓዳዎቹ ጠርዛቸው እየተጨፈለቀ እንደ ከንፈር ይወጣል። በጥፍራችሁ ብትዳብሱት ይሰማችኋል። ፈጣን ልምምድ አትከልክሉ፤ ብቻ በ.38 ይሁን፣ መለኪያውንም አታርቁ።

ሌላው ገዳይ ፊልም ላይ የሚታየው ነገር ነው። በአንድ እጅ ጠረግ አድርጎ ከበሮውን መዝጋት። ከበሮውን የሚይዘው ክንድ ቀጭን ነው፤ በአንድ ምት ይጣመማል። ክንዱ ከተጣመመ ታይሚንጉም ክፍተቱም አብሮ ይሄዳል። አንድ ጎረምሳ ደንበኛ እንዲህ ሲያደርግ ካየሁት ዝም አልልም። ሄጄ በሁለት እጅ እንዴት እንደሚዘጋ አሳየዋለሁ።

አሁን ወደ ጉሮሮው። ከአፈሙዙ ጀርባ ጥይቱ ከከበሮው ዘልሎ የሚገባበት ሾጣጣ አፍ አለ። ባለሙያዎቹ ፎርሲንግ ኮን ይሉታል። እኔ ጉሮሮ እለዋለሁ። የማግነም ታሪክ በብዛት የጉሮሮ ታሪክ ነው።

.357 ማግነም የወጣው በ1935 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ነው፤ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እና ዊንቸስተር ናቸው ያወጡት። መጀመሪያ የተሠራለት ሽጉጥ ትልቅና ከባድ ነበር። በ1955 ግን የድንበር ጠባቂው ቢል ጆርዳን ሐሳብ አቅርቦ፣ ቀለል ባለው መካከለኛ ፍሬም ላይ ኮምባት ማግነም ተሠራ። በኋላ ሞዴል 19 የተባለው እሱ ነው። ፖሊሶች ወደዱት። ቀኑን ሙሉ ወገብ ላይ አይከብድም። ልምምዱ በ.38 ነበር፤ ማግነሙ ለሥራ ብቻ ነው የሚጎረሰው። በዚያ ልማድ ሽጉጡ ዕድሜ ነበረው። በኋላ ግን ሥልጠናውም ሥራ ላይ በሚያዘው ጥይት ይሁን ተባለ። 125 ግሬን ክብደት ያላቸው ቀላልና ፈጣን ጥይቶችም መጡ። ያኔ የመካከለኛው ፍሬም ጉሮሮ መሰንጠቅ ጀመረ። ስንጥቁ የሚመጣው ከታች፣ ሰዓት ቢሆን 6 ቁጥር ላይ ነው። እዚያ ቦታ ለከበሮው ክንድ መተላለፊያ ተብሎ ብረቱ ተጠፍጥፏል፤ ስለዚህ ስስ ነው። ፋብሪካው በ1980 ወፈር ያለውን ኤል ፍሬም፣ ማለትም 586ን እና 686ን ያወጣው ይሄን ለመፍታት ነው።

125 ግሬን ለምን ይጎዳል? 8.1 ግራም ነው፤ አጭርም ቀላልም ነው። ከቀለሁ ቶሎ ይወጣል። ከኋላው ብዙ ባሩድ ገና እየነደደ ነው። ጋዙና ያልነደደው ባሩድ ጉሮሮውን እንደ ትኩስ አሸዋ ይቦርሸዋል። 158 ግሬኑ፣ 10.2 ግራም፣ ረዘም ይላል፤ ቀስ ብሎም ይወጣል። ለጉሮሮው ይሻላል። እጃችሁ ላይ የሚገፋው ሊበልጥ ይችላል፤ ብረቱን ግን አይቆጣም።

ስለዚህ የእኛ ቤት ሕግ ይሄ ነው። ለልምምድ .38 ስፔሻል። ለሙከራና ማግነሙን ላለመርሳት በመጨረሻ ሁለት ወይም ሦስት ከበሮ .357፣ እሱም 158 ግሬን። ኤል ፍሬም ወይም ጠንካራውን ሩገር ጂፒ100 ካላችሁ ከዚህ በላይ መብት አላችሁ። አሮጌ ሞዴል 19 የያዛችሁ ግን እባካችሁ 125 ግሬኑን ተዉት።

.38 ስትተኩሱ አንድ ጣጣ አለው። ቀለሁ ከማግነሙ ስለሚያጥር ቀዳዳው ውስጥ ጥላሸት እንደ ቀለበት ይጋገራል። ሳታጸዱ ማግነም ብትጨምሩ አልገባም ይላል። በአውራ ጣት ገፍታችሁ አታስገቡት። የነሐስ ብሩሽና ማጽጃ ፈሳሽ ይዛችሁ ቀለበቱ እስኪወጣ ፈትጉ።

ጉሮሮውን በየ500 ጥይቱ በባትሪ እዩት። አጽድታችሁ፣ ከበሮውን ከፍታችሁ፣ ከጀርባ። ሸካራ ሆኖ እንደ አዞ ቆዳ ቢታያችሁ አርጅቷል ማለት ነው እንጂ አደጋ የለውም። ከጠርዙ ወደ ውስጥ የምትሄድ ቀጭን ጥቁር መስመር ካያችሁ ግን ጨርቅ በማጽጃ ነክራችሁ ጥረጉትና እንደገና እዩ። መስመሩ ካልጠፋ ስንጥቅ ነው። ከዚያ ወዲያ አንድም ጥይት አትተኩሱበት።

በተቃራኒው ሰው በከንቱ የሚደነግጥበት ነገር አለ። ከክፍተቱ በላይ፣ የፍሬሙ ጣሪያ ላይ ጋዙ ቀጭን መስመር ይቆርጣል። ብዙውን ጊዜ ትንሽ ከጠለቀ በኋላ ራሱ ይቆማል። እኔ በጥፍሬ እዳብሰዋለሁ፣ እጽፈዋለሁ፣ አልፋለሁ።

ስለ ጽዳት ብዙ አልልም፤ ሁለት ነገር ብቻ። ባዶ ቀለህ ስታወጡ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርጉና ዘንጉን በአንድ ምት ግፉ። ወደ ታች ከሆነ ያልነደደ ባሩድ ከኮከቧ ስር ይገባል። ሦስት አራት ቅንጣት በቂ ነው፤ ከበሮው መዝጋት ይቸግረዋል፣ መዞሩም ይከብዳል። ሰው ሽጉጡ ተሰበረ ብሎ ያመጣልኝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጠርጌ እመልስለታለሁ። ሁለተኛው፣ እርሳስ የሚያነሳው ቢጫ ጨርቅ ጥቁር ቀለም የተቀባ ሽጉጥ ላይ አይነካም። ቀለሙን ይገፈዋል። እሱ ለማይዝግ ብረት ነው።

ብሎኖቹ ግን ትዕግሥት ይፈልጋሉ። ማግነም በየምቱ ያላላቸዋል። በየ200 ጥይቱ የጎን ክዳኑን ብሎኖችና እጀታው ፊት ለፊት ያለችውን ትንሽ ብሎን እዩ። ያቺ ትንሽ ብሎን ዋናውን ሞላ የምትወጥር ናት። ከላላች መዶሻው ጉልበት ያጣል፣ ጥይት ይከሽፋል። ምላጩ እንዲለሰልስላቸው ብለው ሆን ብለው የሚያላሏት አሉ፤ ልክ አይደለም። ካቻቢቴው የብሎኑን አፍ ሞልቶ የሚገባ መሆን አለበት። ተራው ካቻቢቴ ጫፉ ሾጣጣ ስለሆነ ይሸራተትና ብረቱን ይጭረዋል። የጎን ክዳኑን መክፈት ካለባችሁ በካቻቢቴ አትፈልቅቁት። ብሎኖቹን አውጡና የእጀታውን ብረት በእንጨት መዶሻ ጀርባ መታ መታ አድርጉት፤ ራሱ ይነሳል።

ቀለህ የሚገፋው ዘንግም ይላላል። ከላላ ይረዝማል፣ ከበሮው አልከፈትም ይላል። አዳዲሶቹ ስሚዝ ኤንድ ዌሰኖች ላይ ጥርሱ የግራ ነው፤ በተለመደው አቅጣጫ አጠብቃለሁ ብላችሁ እንዳታላሉት። ስታጠብቁ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ባዶ ቀለህ ይኑር፣ ኮከቧን ይደግፋታል።

«የቱን ልግዛ?» የሚለኝ ብዙ ነው። በሳምንት መቶ ማግነም ለመተኮስ ካሰባችሁ ክብደት ግዙ። ሩገር ጂፒ100 ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አለ፤ የጎን ክዳን ስለሌለው ገላው ወጥ ነው። ከበሮው ፊት ለፊት በክንዱ ላይ ይቆለፋል። 686ም ያው ጠንካራ ነው። አሮጌው ኮልት ፓይተን፣ ከ1955 ጀምሮ የተሠራው፣ ምላጩ እንደ ቅቤ ነው። ሲቆለፍም ፍንክች አይልም። ግን እንደዚያ እንዲጠብቅ የሚያደርገው ያቺ የምትገፋው ምላስ እስከ መጨረሻው ከበሮውን ተጭና መያዟ ነው። ስለዚህ ምላሷ ታልቃለች። የሚያስተካክለው ባለሙያም እንደ ልብ አይገኝም። ካላችሁ ውደዱት፣ የሳምንት ጓደኛ ግን አታድርጉት።

.44 ማግነም ላይ ያለው ጥያቄም ይሄው ነው። የብረት ምስል የሚጥሉ ተወዳዳሪዎች የስሚዝ ኤንድ ዌሰንን ሞዴል 29 በከባድ ጥይት ሲያስሮጡት ከበሮው በምቱ ብዛት ተፈትቶ ወደ ኋላ ይዞር ነበር። የተተኮሰው ቀለህ ተመልሶ መዶሻው ፊት ይመጣል። ፋብሪካው በ1980ዎቹ መጨረሻ ጎድጓዳዎቹን አስረዝሞ ውስጡን አጠናከረው። አሮጌ 29 ስትገዙ ጎድጓዳዎቹ አጭር መሆናቸውን እዩ፤ አጭር ከሆኑ ቀለል ባለ ጥይት ተኩሱበት። ለከባዱ ከ1979 ጀምሮ ያለው ሩገር ሬድሆክ አለ።

ደብተር ያዙ። የእኔ ተራ የተማሪ ደብተር ነው። በየሽጉጡ አንድ ገጽ፤ ቀን፣ ስንት ጥይት፣ ምን ዓይነት፣ ክፍተት ወደ ኋላ፣ ክፍተት ወደ ፊት፣ የስድስቱ ቀዳዳ ታይሚንግ። አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ትናንት 0.005 የነበረ ዛሬ 0.007 ከሆነ ግን ገና ደህና ቢሆንም እየሄደ ነው። ባለሙያ ጋር ስትሄዱም ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። «አንድ ነገር ሆኗል» ከምትሉት «አራተኛው ቀዳዳ በዝግታ ሲሳብ ይዘገያል» ብትሉት ሥራውም ያጥራል፣ ሂሳቡም ይቀንሳል።

የጋሼ ሽጉጥ ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ኪራይ ተመለሰ። እሳቸው ራሳቸው ናቸው መጀመሪያ የተኮሱበት። የልጅ ልጃቸውን በዚህኛው ጊዜ ከጎናቸው ሳይሆን ከኋላቸው አቆሙት። ስድስት ተኩሰው ከበሮውን በሁለት እጅ ከፈቱ፣ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርገው ቀለሁን አወጡ፣ ከጎን ካለው ተኳሽ የሚለያቸውን ሰሌዳ ፍንጣሪ እንዳለበት በመዳፋቸው ዳበሱት። መዳፋቸውን አገላብጠው አዩ። ንጹሕ ነው። «ደግሜ ልሙከረው» አሉና ሁለተኛውን ፓኬት ከፈቱ።